ያዥና ባለእጅ

ታክሲ ውስጥ «ጠመንጃ ያዥ ጋ ወራጅ አለ» ሲባል የሚደነግጥ ሰው የለም። ልደታ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው፣ አለቀ። ግን እስቲ ቃሉን አንዴ ቆም ብላችሁ ስሙት። ጠመንጃ ሠሪ አይልም። ጠመንጃ አዳሽ አይልም። ጠመንጃ ያዥ ነው የሚለው። አዲስ አበባ ከተማ ከመሆኗ በፊት ሰፈር ነበረች፤ ሰፈር ማለት ደግሞ ሠራዊት የሰፈረበት ቦታ ነው። ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ መኳንንቱም፣ ዘበኛውም፣ ገባሩም በየአለቃውና በየሙያው ቦታ ተመራ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር፣ ገባር ሰፈር የምንላቸው ስሞች ከዚያ የቀሩ ናቸው። ጠመንጃ የሚይዙትም የራሳቸውን ቦታ አገኙ፤ እነሱ አልፈው፣ ጠመንጃዎቹም አልፈው፣ ስሙ እስከ ዛሬ በተሳፋሪ አፍ ላይ አለ።

«ሠራተኛ ሰፈርስ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አለ። ለቤተ መንግሥት የሚሠሩ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው። ልዩነቱን ግን ተመልከቱት፦ ያዡ የያዘው ነገር በስም ተጠርቶለታል፤ ሠራተኛው የሚሠራው ነገር ግን ስም አልወጣለትም። በደፈናው ሠራተኛ ተብሎ ታለፈ።

አማርኛ መያዝን ይወዳል። ገንዘብ ያዥ አለን፣ ጃንጥላ ያዥ አለን። ሥልጣን ይያዛል፣ መሬት ይያዛል፣ ዲግሪም ይያዛል፤ «ልጁ ዲግሪ ይዟል» ሲባል እልል ይባላል። በሌላ በኩል ደግሞ «ባለእጅ» የሚል ቃል አለን። ቃሉ እንደተጻፈው ቢነበብ እጅ ያለው ሰው ማለት ነው፣ ምንም ክፉ ነገር የለውም። ግን ለቀጥቃጩ የተሰጠ ስም ነው። ገጠር ሄዳችሁ ሰውን በዚህ ቃል ብትጠሩት ጠብ ፈለጋችሁ ማለት ነው። እጅ አለህ መባል ስድብ በሆነበት ቋንቋ ነው አፋችንን የፈታነው። የሚይዝ እጅ ይሾማል፣ የሚሠራ እጅ ይሰደባል። የእኔ ጠብ ከዚህ ጋር ነው። ማስረጃ ብዬ የማቀርበው ደግሞ አንድ የጠመንጃ ሰደፍ ነው።

በሙያዬ ሶፍትዌር አልሚ ነኝ፤ የተማርኩት ምህንድስና ነው። ቀን ላፕቶፕ ላይ ነኝ። ማታ ማታና ቅዳሜ ግን ከተከራየሁት ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ሰርቪስ ውስጥ አንድ ሞርሳ፣ ሁለት መላጊያ፣ አራት መሮ፣ የተለያዩ ሞረዶችና የእጅ መጋዝ አሉኝ። በ2014 ክረምት ከደብረ ታቦር አካባቢ አጎቴ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ የተሰበረ እንጨት ላከልኝ። የአያቴ ቤልጅግ ሰደፍ ነው። ብረቱ ፈቃድ ያለው አጎቴ ቤት ቀረ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ አድርጎታል፤ እኔ ፈቃድ የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም። አጎቴ እንጨቱ እንደሚቀየር ለወረዳው አሳውቆ ነው የላከው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው «ልጁ ጓሮው ውስጥ መሣሪያ ያመርታል» የሚለው ወሬ ከወዲሁ እንዲበርድ ነው። ልደታ ውስጥ ወሬ ከባቡሩ ይፈጥናል።

«ዲግሪ ይዘህ እንጨት ትልጋለህ?» ተብያለሁ። በቀልድ ያለኝ አለ፣ በምር ያለኝም አለ። በምር ያለኝ ሰው ጥያቄውን ሲጠይቅ «ይዘህ» የሚለው ቃል ላይ ነበር ያጠበቀው።

ሰደፍ ስል ትከሻ ላይ የሚደገፈውን ጫፍ ብቻ ማለቴ አይደለም። ከአፈሙዙ ሥር ተነስቶ ብረቱን አቅፎ እስከ ትከሻ የሚደርሰውን እንጨት በሙሉ ነው። ሰው ጠመንጃ ሲያደንቅ ብረቱን ነው የሚያደንቀው፤ ፉከራውም፣ ሽለላውም ስለ ብረቱና ስለ ጥይቱ ነው። ብረቱን ደግሞ እኛ አልሠራነውም። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ምኒሽር የኦስትሪያው ማንሊኸር ነው፣ ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው። ቤልጅግ በቤልጅየሙ ኤፍኤን ፋብሪካ የተሠራ የማውዘር ዝርያ ሲሆን ከጣሊያን ወረራ በፊት ለክብር ዘበኛ ከተገዙት መሣሪያዎች አንዱ ነው። ስማቸውን አማርኛ አደረግነው፤ አሠራራቸውን ግን አላደረግነውም። ከአንድ ነገር በቀር። እንጨቱ ሲሰበር ቤልጅየም የላከ ሰው የለም። እዚሁ፣ በየመንደሩ፣ ስማቸው የማይጠራ ሰዎች ሲጠርቡት፣ ሲቆርጡት፣ ሲያስሩት ኖረዋል። ጠመንጃችን ላይ የእኛ የሚባል ሥራ ካለ ይህ እንጨት ነው። የማናየውም እሱኑ ነው።

አጎቴ የላከልኝ ሰደፍ የተሰበረው አንገቱ ላይ ነው፤ ጣት ምላጩ ላይ ሲያርፍ መዳፍ የሚጨብጠው ቀጭኑ ቦታ ማለት ነው። ሰደፍ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው። የእንጨቱ ጅማት አንገቱን በርዝመቱ ተከትሎ ካልሄደና አቋርጦ ከወጣ፣ አንዴ ከግድግዳ ተንሸራቶ መውደቁ ይበቃዋል። ስብራቱን አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት ጠግኖት ነበር፤ እርጥብ ጠፍር ጠምጥሞበታል። ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ስንጥቁን እንደ ሞርሳ ጨምድዶ ይይዘዋል። ይህንኑ ነገር ዩኒቨርሲቲ «ቅድመ ውጥረት» በሚል ስም ከኮንክሪት ድልድይ ሥዕል ጋር ተምረነዋል፤ ፈተና ላይም መጥቷል። ስለ ጠፍር የተናገረ መምህር ግን አልነበረም። ጠፍሩን ለመፍታት ሞክሬ ስላልቻልኩ በቢላ ነው የቆረጥኩት። እንጨቱ አርጅቶ ተሰባብሯል፣ ጠፍሩ ግን እንደያዘ ነበር።

አዲሱን እንጨት ያገኘሁት እዚሁ ልደታ ነው፤ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ መቃን፣ ስድስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዋንዛ። ዋንዛ መሆኑን ያረጋገጠልኝ የሰፈር አናጺ ነው፤ በጥፍሩ ጫር አድርጎ፣ አሽትቶ። አዲስ ዋንዛ ከደን ማስቆረጥ ነውርም ነው፣ በሕግም የተከለከለ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ አዲስ እንጨት ለዚህ ሥራ አይሆንም። እንጨት ውሃውን ሲሰጥ ይጠባል፣ ይጣመማል፤ ብረት ከታሰረበት በኋላ ከተጣመመ ብረቱንም ይገፋዋል። አሮጌ መቃን ግን የሚጣመመውን ያህል ተጣሞ የጨረሰ እንጨት ነው።

አውሮፓውያን ለሰደፍ ዋልነት ይመርጣሉ። ሩሲያውያን ለክላሽ ስስ የበርች ንጣፎችን በሙጫ እየደረቡ ይሠሩ ነበር። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ ለአጥርና ለግንባታ መወጣጫ ይሁን። ወይራ ጠንካራ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ተሸክሞት የሚውል ሰው ይረግመኛል። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ ቅርጹን ይጠብቃል፤ ከበሮ የሚሠራበት ያለ ምክንያት አይደለም። ጉድለቱ ለስላሳነቱ ነው። ይሄ ጉድለት ደግሞ ሰደፍ ላይ ተራ ነገር አይደለም። ብረቱና እንጨቱ የሚታሰሩት ከሥር በሚገቡ ሁለት ብሎኖች ነው፤ ነገር ግን የተኩሱን ኃይል የሚሸከሙት ብሎኖቹ አይደሉም። ከብረቱ ሥር አንዲት ጥርስ አለች። ጠመንጃው ሲረግጥ ኃይሉ በዚያች ጥርስ በኩል ወደ እንጨቱ ይገባል። ጥርሷ ከነሙሉ ፊቷ እንጨቱን ካልተደገፈች፣ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ካረፈች፣ ያንን ጥግ ትሰነጥቀዋለች። እንጨቱ ለስላሳ ከሆነ ደግሞ እየጨፈለቀችው ትሄዳለች።

ርዝመትም አለ። በፋብሪካ የወታደር ጠመንጃ ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርቀት 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተለካው ለአማካይ ወታደር ነው። አማካይ ወታደር የሚባል ሰው ተወልዶ አያውቅም፤ ይህንን እኛ ሶፍትዌር ላይ ያለን ሰዎች «ተጠቃሚው» ብለን አንድ የሌለ ሰው ፈጥረን ለእሱ ስንሠራ ስለምንውል አሳምረን እናውቀዋለን። አጎቴ አጭር ነው። የእሱን ክንድ በስልክ አስለክቼ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቀነስኩ።

በጥር 2015 ለጥምቀት ስሄድ ሰደፉን ይዤ ሄድኩ። ውጪው አልቋል፤ ብረቱ የሚተኛበትን ውስጡን ግን ሆን ብዬ ጠባብ አድርጌ ትቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ብረቱ ሳይኖር የመጨረሻው ልክ አይቆረጥም። አጎቴ አንድ ሽማግሌ ጋ ወሰደኝ። ቀጥቃጭ ናቸው፤ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር፣ ቢላ ይሠራሉ። ሰደፍም ያበጃሉ። ካሊፐሬን አገላብጠው አዩና መልሰው ሰጡኝ፣ ከዚያ ኩራዝ አስመጡ። የኩራዙን ጥላሸት ብረቱ ሥር አስነኩት። ብረቱን እንጨቱ ላይ ጫን አድርገው አነሱት። የነካበት ቦታ ጠቁሮ ቀረ፣ ያልነካበት እንዳለ ነው። ጥቁሩን ብቻ በመሮ ጫፍ ፋቅ አደረጉት። እንደገና ጥላሸት፣ እንደገና መጫን፣ እንደገና መፋቅ። ከሰዓት በኋላው በዚህ አለቀ። ነጥቦቹ መጀመሪያ ሦስት አራት ነበሩ፤ ቀስ በቀስ በዙ፣ ተቀራረቡ፣ መጨረሻ ላይ ጥርሷ ከነሙሉ ፊቷ አንድ ወጥ ጥቁር አሻራ ተወች። ለስላሳው ዋንዛ እንዳሳሰበኝ ስነግራቸው ነገሩን ቀድመው አስበውበታል፤ ጣት የምታህል ወይራ ቆርጠው ከጥርሷ ኋላ ቀበሯት።

ለንደን ውስጥ አንድ የአደን ጠመንጃ ከቤት ዋጋ በላይ የሚሸጡ ስመ ጥር ቤቶች አሉ። የእነሱም ባለሙያ እስከ ዛሬ ብረትና እንጨት የሚያጋጥመው በጥላሸት ነው። እዚያ ይህንን ሙያ ለመማር የዓመታት ልምምድ ይጠየቃል፣ ሙያተኛውም ሥራው ላይ ስሙ ይቀመጥለታል። እኛ ደግሞ ሶፍትዌር ላይ ይህንኑ አሠራር፣ ማለትም አስነካ፣ የተሳሳተውን ቦታ ብቻ ለይተህ አርም፣ መልሰህ አስነካ፣ «ቴስቲንግ» ብለን ሰርተፊኬት እንወስድበታለን። እኔም አለኝ፤ ይዤዋለሁ።

ማታ አጎቴ ቤት ራት ቀረበ። ሽማግሌው አልነበሩም። «ጋሼ፣ ምነው እሳቸውን ሳንጠራቸው?» አልኩት። አጎቴ ደግ ሰው ነው፤ ጎረቤት የታመመ እንደሆነ በሬውን አውሶ የሚያርስ ሰው ነው። ትንሽ ዝም አለና «እሱማ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ያው ታውቃለህ» አለኝ። ከራሱ በዕድሜ የሚበልጡትን ሰው «አንተ» ነው የሚላቸው። ልጅ መስጠትና መቀበልማ የሚታሰብ አይደለም። የአባቱን ጠመንጃ ለእኚህ ሰው እጅ አምኖ ሰጥቷል፤ እንጀራውን ግን ከዚያ እጅ ጋር ከአንድ ገበታ መቁረስ አልቻለም።

ያው ታውቃለህ። ይህ «ያው» የሚለው ቃል ውስጥ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠይብ፣ ፋቂ፣ ቡዳ። ቀን ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የተባለለት ሰው። ዓይኑ እንዳያርፍብን ከልጅ አንገት ክታብ ያሳሰረን ሰው። በ1900 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ቀጥቃጩንም፣ ሸማኔውንም፣ ፋቂውንም እየጠቀሰ ስድቡን የሚከለክል አዋጅ ነው። ጥሩ አዋጅ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው። አጎቴ አዋጁን ሰምቶት ይሁን አይሁን ለውጥ የለውም፤ ገበታው ላይ አዋጅ አይቀመጥም።

ከሽማግሌው ቤት ጋፋት ሩቅ አይደለም። አጼ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና የአገሬውን ሰው ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡበት ቦታ ነው። እዚያ የተቀለጠው ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ተራራ ለተራራ ተጎትቶ መቅደላ ላይ ወጥቷል፣ ዛሬም እዚያው ነው። የ1860ን ታሪክ እንዴት እንደምንተርክ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መድፉ እንዴት እንደተጎተተ እናወራለን። ንጉሡ ሽጉጣቸውን እንዴት እንደጠጡ እናወራለን፣ እናለቅሳለን። እቶኑ እንዴት እንደተሠራ፣ ሻጋታው ከምን እንደተበጀ፣ ነሐሱን ያቀለጠው ማን እንደነበር፣ ከንጉሡ ሞት በኋላ እነዚያ ሙያ የቀሰሙ ሰዎች የት እንደደረሱ የሚያወራ ተራኪ ግን አላጋጠመኝም። ቴዎድሮስ መድፍ ከመግዛት ይልቅ መሥራት የሚችል ሰው ነበር የፈለጉት። ለእንግሊዝ ንግሥት የጻፉት ደብዳቤ መልስ ያጣበት፣ በዚያም ጦስ ነገሩ መቅደላ ላይ ያበቃበት ታሪክ አንዱ ሥሩ ይኸው የባለሙያ ረሃብ ነው። እኛ ግን ከዚያ ሰውዬ የወረስነው ሹሩባውንና ሽጉጡን ነው። «ጋፋት» የሚለው ስም ዛሬ ቢሾፍቱ ያለ የመሣሪያ ፋብሪካ መጠሪያ ሆኗል፤ ስምማ እንሰጣለን።

አሁን የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ በአካልም ተነግሮኛል። አማራ ክልል እየነደደ፣ በየቤቱ ለቅሶ ተቀምጦ፣ አንተ ስለ ሰደፍ ማማር ታወራለህ? ከባድ ጥያቄ ነው፣ ሸሽቼ አላልፈውም። ጠመንጃ የተሠራው ለመግደል ነው። የዋንዛው ጥላ፣ የመሮው ጥራት ይህንን አይሸፍነውም። የእጅ ሥራ ሰውን ሰላማዊ ያደርጋል የሚል ስብከትም የለኝም፤ ጎበዝ ባለሙያ ሆኖ ክፉ የሆነ ሰው ሞልቷል።

ግን አንድ ማምለጫ አልተውም። ባለእጁን የናቅነው ጠመንጃ ስለምንጠላ አይደለም። ጠመንጃ ጠልተን ብናውቅ ኖሮ ተኳሹን በናቅን ነበር። ለተኳሹ ግን ዘፈን አለን፣ ፉከራ አለን፣ ሰፈር አለን። ደግሞስ ማረሻውን ማን ነው የሚሠራው? ያው ሰው ነው። ማጭዱንስ? እሱ ነው። አገሩ ሁሉ የሚበላው እሱ በቀጠቀጠው ብረት ታርሶ የበቀለ እህል ነው፤ ለዚያም ያገኘው ምስጋና ቡዳ መባል ነው። ስለዚህ ዛሬ ተነስቶ «ጊዜው አይደለም፣ የመሣሪያ ሥራ ያስነውራል» የሚለኝ ሰው መጀመሪያ የማረሻውን ሠሪ ገበታው ላይ ጠርቶ ያሳየኝ። ያን ጊዜ ስለ ሰላም እንነጋገራለን።

ወዲህ ደግሞ በየስልኩ ክላሽ አንግቶ የሚታየው ወጣት አለ፤ እሱን የሚያሞግሰውም፣ የሚያወግዘውም አለ። ሁለቱም ልጁን የሚያዩት እንደ ያዥ ብቻ ነው። ያ ልጅ ምን መሥራት ይችል ነበር ብሎ የጠየቀ የለም። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት የተከራከሩት በዚህ ነበር፦ ራሱ የማያመርት ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ እየገዛ የሌላው ጥገኛ ሆኖ ይኖራል። ጠመንጃ ከዚያ ዕቃ ሁሉ ግንባር ቀደሙ ነው። የያዘው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ገበያው ሌላ ቦታ ነው ያለው።

እኔ የተማርኩት «ሰባ ሠላሳ» በሚባለው ፖሊሲ ዘመን ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው መቶ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር የተባለበት። አገሪቱ መሐንዲስ ትፈልጋለች ተባለ፣ መጣን። በአምስት ዓመት ውስጥ ቶርኖ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ከሃያ ሰው ትከሻ በላይ አሻግሬ። ማሽኑን የሚያሠራው ቴክኒሻን እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ነበር። ግቢው ውስጥ ብረት ምን እንደሚል የሚያውቀው እሱ ነበር፣ መምህራኑ ግን ሲያልፉ ሰላም አይሉትም። ስሙን የምናውቅ ተማሪዎችም አልነበርንም፤ «ቴክኒሻኑ» ነው። ደረጃው ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው የአጎቴ ገበታ ነው።

ልደታ ውስጥ፣ ሜክሲኮ አጠገብ፣ ተግባረ ዕድ አለ። ስሙ ግዕዝ ነው፤ የእጅ ሥራ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም የወጣለት ትምህርት ቤት አገሩ የሚሻማበት መሆን ነበረበት። ዛሬ ግን «ቴክኒክና ሙያ ገባ» ሲባል «ነጥብ አልመጣለትም» ማለት ነው፤ እናት ለጎረቤት ስትናገር ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። በሌላ በኩል በእንግሊዝኛ ስም የሚጠሩ የፈጠራ ማዕከሎች ይከፈታሉ፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ስሪዲ ፕሪንተር መሐል ላይ ይቆማል። አንድ እንዲህ ያለ ምርቃት ላይ ተገኝቼ ነበር። ማሽኑ ለእንግዶች የላስቲክ ቁልፍ መያዣ ሲያትም ዋለ። መያዣ። ቀጥቃጭ፣ አናጺ፣ ሸክላ ሠሪ አልተጋበዘም፤ እኛ ዲግሪ ያዦቹ ግን ስለ «ሜከር ባህል» በፓወር ፖይንት ተወያየን።

የሥራ ባልደረቦቼን የምጣላቸው እዚህ ላይ ነው። ምናለሽ ተራ ሂዱና ሰዉ ከወዳደቀ ቆርቆሮና ከመኪና ብረት ምን እንደሚያወጣ ተመልከቱ፤ ከጉብኝት አልፋችሁ አንድ ወር ተቀመጡ። ክፈሉና ተማሩ። ሊያስተምር የሚችል ሰው «ተለማማጅ» አድርጎ የሚቀበላችሁ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ አብዛኞቹ አይቀበሏችሁም፣ ምክንያቱም እጃችሁን ሲያዩት ያውቁታል። የሚሠሩበት ቦታም እያነሰ ነው። መንገድ ዳር ደጁን ከፍቶ የሚልግ አናጺ፣ የሚበይድ ልጅ፣ ከተማው በታደሰ ቁጥር ወደ ውስጥ፣ ወደ ዳር እየተገፋ ነው። የፈረሰውን ቤት መቃን የሸጠልኝ አናጺ ራሱ አሁን ሰፈሩ የለም። የት ሄደ ብዬ ጠይቄ ሁለት የተለያየ መልስ ነው ያገኘሁት።

ስለ ዘይቱ ሳልናገር አልጨርስም። ሰደፍ ሲያልቅ በቫርኒሽ አይሸፈንም፤ ቫርኒሽ ይላጣል፣ ዝናብ ከሥሩ ይገባል። የድሮ ጠመንጃዎች ሰደፍ ይጠጣ የነበረው የተልባ ዘይት ነው። የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ እንጨቱ ውስጥ ሆኖ ይጠነክራል፤ እንደ ኑግ ዘይት ድስት ዳር ላይ ሲደርቅ ያያችሁት ዓይነት፣ ከዚያም በባሰ። ስለዚህ በጣም በስሱ ነው የሚቀባው፤ በመዳፍ ሙቀት ይታሻል፣ ለቀናት ይተዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይዳበሳል፣ ይደገማል። የተቀባበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ እንዳትጥሉት፤ ራሱ ሞቆ እሳት ሊያነሳ ይችላል፣ ዘርግታችሁ አድርቁት። ይህንን ዘይት ቀለም መሸጫ ስጠይቅ ከውጭ የመጣ በቆርቆሮ አሳዩኝ። ተልባ! በጾም የምንጠጣው፣ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ብለን የምንተርትበት፣ ደጋው ሁሉ የሚያበቅለው ተልባ። እኔ መርካቶ ሄጄ ከዘይት ጨማቂ አምስት መቶ ሚሊ ሊትር አስጨመቅሁ። ሰውየው ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ለእንጨት አልኩት። «እንጨትም ይጾማል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ያን የጥር ዕለት ስሰናበታቸው ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቁኝ። አንድ ጎኑ ክብ፣ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ሞረድ፤ እዚያ ገበያ የሚመጣው ሁለት ብረት ሳይሞርድ ጥርሱ ያልቃል አሉ። የሠሩበትን ሂሳብ አጎቴ ከፍሏቸው ነበር፣ ሞረዱን በስጦታ አልጠየቁኝም፤ ዋጋውን ስንት እንደሆነ ላክልኝ ነው ያሉት። አዲስ አበባ ስመለስ ፈልጌ ጥሩ አገኘሁ። ለፋሲካ እሄዳለሁ አልኩ፤ ሥራ ያዘኝ። ለነሐሴ አሰብኩ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ መንገዱም እንደምታውቁት ሆነ። ከአጎቴ ጋር መስመር ሲገኝ እንደዋወላለን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ማን እንደሞተ እንጨዋወታለን። ስለ ቤልጅጉ አልጠይቀውም፣ እሱም አያነሳም፤ በስልክ የሚወራ ነገር አይደለም። ስለ ሽማግሌው ግን እጠይቃለሁ። ባለፈው «አሉ፣ ደህና ናቸው፤ ብረት ጠፋ እንጂ» አለኝ። «ናቸው» ነው ያለው። ሞረዱ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ዘይት እየቀባሁ አስቀምጠዋለሁ፣ እንዳይዝግ።